ኮፋኖ ሲከፈት

አዲስ አበባ ውስጥ ማንንም ሳይጠራ ሰው መሰብሰብ የፈለገ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው እሪ ብሎ መጮህ ነው፤ ሁለተኛው የመኪና ኮፋኖ መክፈት ነው። እሪ ወዳለው ሰው የሮጠ ጎረቤት «ምን ሆንክ?» ብሎ ይጠይቃል። ኮፋኖ ወደከፈተው የመጣ ግን አይጠይቅም፤ ምን እንደሆንክ ካንተ ቀድሞ አውቆታል።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። እድራችን ስብሰባ ሲጠራ በቅጣት እያስፈራራም ሰው አይሞላለትም፤ ዳኛው ወንበር ደርድረው ከወንበሮቹ ጋር ሲመካከሩ ያረፍዳሉ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት መኪና ማቆሚያው ላይ ኮፋኖ ከፍቼ መፍቻ ሳነሳ ግን የጎረቤት ቡና አቦሉ ሳይወርድ ጉባኤው ይሟላል። የእድሩ ዳኛም አይቀሩም። ያለ ቅጣት፣ ያለ ጥሩምባ።

ጉባኤው የሚሰበሰብበት ጉዳይ ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሞተር ዘይት መቀየር ነው። ሞተሩን ሞቅ አድርጎ ማጥፋት፣ ከሥር ታፖውን ፈትቶ ጥቁሩን ዘይት ማፍሰስ፣ ፊልትሮውን መለወጥ፣ ታፖውን መልሶ ከላይ አዲሱን መጨመር። ለእኔዋ ትንሽ መኪና ከ3 እስከ 4 ሊትር ባለው ትጠግባለች። ሲናገሩት ይኸው ነው። ሲሠሩት የሚያስቸግረው ዘይቱ ሳይሆን ዘይቱን ተከትሎ የሚመጣው ነው፤ ክሪኩ፣ ግለቱ፣ አማካሪው፣ በመጨረሻም ያ ጥቁር ነገር የት ይሂድ የሚለው ጥያቄ።

ዘይት እቤት መቀየር የጀመርኩት ቆጥቤ ሀብታም ልሁን ብዬ አይደለም። ዘይቱና ፊልትሮው ከሶማሌ ተራ ተገዝተው ከመጡ በኋላ የሚተርፈው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው፤ እሱም ለሳሙና ይሄዳል። ያሸሸችኝ አንዲት የጋራዥ ጥያቄ ናት። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ይገባና ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል። ከዚያ የሟች ቤተሰብ በሚያረዳ ድምፅ፣ «አለቃ፣ ይህን ማነው የገጠመልህ?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ይከብዳል፤ ብዙ ጊዜ የገጠመው እሱ ራሱ ነውና። ከዚያ በኋላ ዘይቱ ይረሳል። የፍሬን ሸራ ይነሳል፣ ቺንጊያው ተሰነጣጥቋል ይባላል፣ ካንዴላዎቹም እግረ መንገዳቸውን ይታዩ ይባላል። ለዘይት የገባ ሰው ሾክ አብዞርበር ለውጦ ይወጣል።

በመካኒክ አንደበት ግን አልቀየምም፤ የቆየ ነገር ነው። የመጀመሪያዋ መኪና በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ከገባች በኋላ፣ አፄ ምኒልክ የመኪና ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር የላኳቸው በኋላ ነጋድራስ የተባሉትን ተሰማ እሸቴን ነው። ተሰማ እሸቴ ግጥም አዋቂና ድምፃዊም ነበሩ። ስለዚህ የመኪናውን ትምህርት ተምረው ብቻ አልተመለሱም፤ እዚያው ጀርመን አገር ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀርጸው መጡ። መካኒክነት እዚህ አገር ሲጀመር ከግጥም ጋር ተቆራኝቶ ነው የጀመረው። ዛሬ የጋራዥ ልጅ ስለ አንዲት የላላች ብሎን ሩብ ሰዓት ሙሾ ቢያወርድ ምን ይፈረድበታል?

ሌላው ምክንያቴ ዘይቱ ራሱ ነው። ከተከፈተ በርሜል የሚቀዳውን ዘይት ማንነት ቀጂውና ፈጣሪ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። የታሸገውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይታመንም፤ የታወቀ ስም ባለው ባዶ ጀሪካን ውስጥ ያልታወቀ ዘይት ሞልተው፣ ክዳኑን አሳምረው የሚሸጡ አሉ። ለዚህ ያለኝ መከላከያ ሁለት ነው። አንደኛው ከማውቀው ሱቅ መግዛትና ማሸጊያው መነካት አለመነካቱን ማየት፤ ሁለተኛው ባዶውን ጀሪካን ለቁራሌው ከመስጠቴ በፊት በምስማር መብሳት። ቁራሌው ይህን አይወድልኝም። «ጋሼ፣ ደኅናውን ዕቃ ለምን ታበላሸዋለህ?» ይለኛል። ያልተበሳው ለምን የተሻለ ዋጋ እንደሚያወጣ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ተሳስቀን እንለያያለን።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በዚህ ሥራ ሰው የሚሞተው በዘይት አይደለም፤ በክሪክ ነው።

ከመኪና ጋር የምትመጣው ክሪክ የተሠራችው ጎማ ለመቀየር ነው። ጎማ የሚቀይር ሰው ከመኪናው ጎን ቁጢጥ ይላል እንጂ ሥሩ አይገባም። አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት በአንዲት ቀጭን ክሪክ ጫፍ ላይ አስቀምጦ ደረቱን ከሥሩ የሚዘረጋ ሰው ጀግና አይባልም፤ ጎረቤቶቹ ግን ሲሠራ ቆመው ያደንቁታል። ኮብልስቶን ላይ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ድንጋዩ ክፍተት አለው፣ ክሪኳ ቀስ እያለች ታጋድላለች። አፈር ላይ ከሆነ ትሰጥማለች። ቦታው ሜዳና ጠንካራ ይሁን፤ ከክሪኳ ሥርም ወፈር ያለ ጣውላ ይግባ።

በሰፈራችን ከክሪክ ቀጥሎ የሚታመነው ብሎኬት ነው። ሠሪ በየቦታው ስላለ ብሎኬት የማይገኝበት ግቢ የለም፤ እናም ሁሉም ሰው ክሪኩን ሳያምን ሲቀር ብሎኬት ጎትቶ ያመጣል። ብሎኬት ግን የተሠራው እኩል የተዘረጋ ግድግዳ ለመሸከም ነው። ክብደቱ አንዲት ነጥብ ላይ ሲያርፍበት አያስጠነቅቅም። እንጨት ሊሰበር ሲል ይጮኻል፣ ብረት ሲጎብጥ ይታያል፤ ብሎኬት ግን አሁን ብሎኬት ነው፣ ቀጥሎ ጠጠር ነው። መኪና በብሎኬት ላይ አቁሞ ሥሯ የተኛ ሰው ባየሁ ቁጥር ሰላምታ አልሰጥም፤ እግሩን ይዤ መጎተት ነው የሚቃጣኝ።

መኪና ተነሥታ እንድትቆም የሚያስፈልገው እግሩ ሰፋ ያለ፣ ቁመቱ በጥርስ ከፍና ዝቅ የሚል የብረት መቆሚያ ነው። ሁለት ይገዛል፤ ከክሪክ ነጥብ ጎን ጠንካራው የሻንሲ ቦታ ላይ ይደረጋል፤ መኪናዋ ከክሪኩ ወርዳ እሱ ላይ ታርፋለች። ክሪኩም እዚያው እንደቆመ ይተዋል፤ ሁለት ጠባቂ ከአንድ ይሻላል። የኋላ ጎማዎች በግራም በቀኝም ታኮ ይደረግላቸዋል። ይህን ትምህርት የትም ቴክኒክ ትምህርት ቤት መሄድ ሳያስፈልግ ከታክሲ ረዳት መማር ይቻላል፤ ዳገት ላይ ሚኒባሱ ቆም ሲል ዘሎ ወርዶ ከጎማ ሥር ድንጋይ የሚወትፈው ልጅ የፊዚክስ መምህሩን አይጠብቅም። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሽም ይግባ። ነገር ግን በአብዛኞቹ መኪኖች የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው፤ የመኪናውን የኋላ ክፍል የሚያነሣ ሰው በእጅ ፍሬን መተማመኑ ከንቱ ነው።

እኔ ከመግባቴ በፊት መኪናዋን በእጄ ገፋ ገፋ አደርጋታለሁ። ልትወድቅ ካሰበች እኔ ውጪ ሳለሁ ትውደቅ። ቁልፏን ደግሞ ኪሴ እከተዋለሁ። ልጆች ባሉበት ግቢ ቁልፍ የተሰካበት መኪና ሥር መተኛት አይመከርም፤ «እስቲ ይነሣ እንደሆን ልየው» የሚል ትልቅ ሰው ባለበት ግቢ ደግሞ ከልጆቹ ይልቅ እሱ ያስፈራል።

ሞተሩ ሞቅ ማለት አለበት እንጂ መጋል የለበትም። ሞቅ ያለ ዘይት ቶሎ ይወርዳል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወርዳል። ነገር ግን ከቃሊቲ ደርሶ እንደመጣ ወዲያው ታፖ የሚፈታ ሰው መቶ ዲግሪ በተጠጋ ዘይት እጁን ሊታጠብ ነው። ጭስ ማውጫውም እዚያው ጎን ነው፤ እሱ ደግሞ ከዘይቱም ይብሳል። ለጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት፣ ከዚያ ትንሽ መጠበቅ ይበቃል። ማስነሣቱም ደጅ ይሁን። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሣት ሳይሸት፣ ሳያሳስል የሚገድል ጭስ መጥመቅ ነው።

ሳፋን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ የራስህን ግዛ። ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሚበልጥ የዘይት መቀበያ የለም፤ ሰፊ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ከመኪና ሥር ይገባል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ልብስ ማጠቢያ አለመሆኑ ነው። አንድ ጎረቤቴ የባለቤቱን ሳፋ ተጠቅሞ፣ በኦሞ አሥር ጊዜ አጥቦ መልሶ ቦታው አስቀምጦት ነበር። ሰኞ ጠዋት ነጭ ነጠላ ተነከረበት። የቀረውን አልተርክም፤ ሰውየው አሁንም ትዳር ውስጥ ነው።

ታፖው ሲፈታ ዘይቱ ቀጥ ብሎ አይወርድም። መጀመሪያ ወደ ጎን ይወረወራል፣ እያነሰ ሲሄድ ወደ ሥሩ ይመለሳል፤ ሳፋውም አብሮት መጓዝ አለበት። የላይኛው የዘይት መጨመሪያ ክዳን አስቀድሞ ቢከፈት አየር ስለሚገባ አወራረዱ ይቀናል። ታፖውን በመጨረሻዎቹ ዙሮች ወደ ላይ ተጭኖ እየፈቱ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ወደ ጎን ማንሣት ነው ብልሃቱ። ያም ሆኖ ታፖው ሳፋው ውስጥ መግባቱ አይቀርም። የማይገባበት ሰው አላየሁም።

እዚህ ላይ ነው ጉባኤው ሥራውን የሚጀምረው። እኔ ከሥር ነኝ፤ የማየው ጫማ ብቻ ነው። በጫማው ማን እንደሚናገር አውቃለሁ።

«ስንት ቁጥር ነው የምትጨምረው?» ይላሉ ጥቁሩ ቆዳ ጫማ። ጡረታ የወጡ የላዳ ታክሲ ሹፌር ናቸው።

«ፋይቭ ደብሊው ሠላሳ፣ ጋሼ።»

«እሱማ ውኃ ነው! ልጄ፣ ሞተር ውኃ አይጠጣም። ላዳዬን ሃያ ሃምሳ ነበር የማጠጣት፤ ጸጥ ብላ ኖራ ጸጥ ብላ ሄደች።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የድሮ ነገር ነው እሱ» ይላል ነጭ ስኒከር፤ በቅርቡ የተመረቀ ኢንጂነር ነው፣ ስልኩን አውጥቶ ያነባል። «ደብሊው ማለት ክረምት ማለት ነው። የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚፈስ ነው፤ የኋለኛው መቶ ዲግሪ ላይ ምን ያህል እንደሚወፍር ነው።»

«እኛ አገር ክረምት አለ? ዝናብ ነው እንጂ!»

ልጁ ልክ ነው፤ ጋሼም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በወጉ ያረጀ፣ ውስጡ የሰፋ ሞተር፣ በተለይ አፋር ወይም ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ የሚውል ከሆነ ወፈር ያለ ዘይት ሊስማማው ይችላል። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ግን ብርዱ የዋዛ አይደለም፤ ሞተሩ ሲነሣ ዘይቱ ቶሎ የላይኛው ክፍል መድረስ አለበት። ዋናው ዳኛ ግን እኔም ጋሼም አይደለንም፤ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ነው። የእኔዋ ያሪስ ናት፤ አዲስ አበባ ግን ሁሉንም ቪትዝ ብሎ ክርስትና አንሥቷቸዋል። ከሆላንድ ስለመጣች መጽሐፏ በሆላንድ ቋንቋ ነው። ቁጥር ግን በየትኛውም አገር ቁጥር ነው።

ጋሼ አልተረቱም። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ሳፋው ውስጥ ነከሩ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አሹት፤ አሸተቱት። «ይህ ዘይት ስምንት ሺህ ሄዷል» ብለው ፈረዱ። በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ እንደምቀይር፣ ቆጣሪውም እንደሚመሰክር ከሥር ሆኜ ብናገር፣ «እንግዲያው ሲሸጡልህ ቆጣሪውን መልሰውታል» አሉ። ከቆጣሪው ይልቅ የጣታቸው ምስክርነት እንደጸና ቀረ።

እውነቱን ለመናገር ጣት የሚያውቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ደቃቅ ብረት ካለ ይሻክራል፣ ይታወቃል። ጥቁረቱ ግን ምንም አያስረዳም። ዘመናዊ ዘይት ውስጥ ጥላሸቱን አጥቦ ይዞ የሚዞር መድኃኒት አለ፤ የጠቆረ ዘይት ሥራውን የሠራ ዘይት ነው። የናፍታ ሞተር ውስጥ የገባማ በማግሥቱ ይጠቁራል። ሊያስደነግጥ የሚገባው ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ የወጣ ዕለት ነው። ያ ማለት ውኃ ከዘይት ጋር ተገናኝቷል፣ ምናልባትም የቴስታታው ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል ማለት ነው። ያን ቀን ወደ ባለሙያው፣ ጥያቄውንም ችሎ።

ፊልትሮው ጋ ስንደርስ ደግሞ የመጀመሪያ ፎቅ ሽማግሌ አሉ። እስካሁን የሚነዷት ቮልስዋገን አለቻቸው፤ ሞተሯ ከኋላ፣ ማቀዝቀዣዋ አየር፣ ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል። የምትለወጥ ፊልትሮ የላትም፤ ከሥር በስድስት ዳዶ የታሰረች ወንፊት ናት ያለቻት፤ ታጥባ ትመለሳለች። ስለዚህ ለእሳቸው ፊልትሮ የነጋዴ ፈጠራ ነው። «ስድሳ ዓመት ያለ ፊልትሮ ሲሄድ አይታችኋል» ይላሉ፤ አይተናል። ወንፊቷ ግን የምትይዘው ጠጠሩን እንጂ ደቃቁን አይደለም። ቮልስዋገኗ የኖረችው ዘይቷን ቶሎ ቶሎ በሚቀይር ሰው እጅ ስለወደቀች ነው። ይህን ለእሳቸው መንገር አያስፈልግም፤ ምስጋናውን ለመኪናዋ መስጠት ይወዳሉ።

ፊልትሮ ሲለወጥ የሚረሳው ነገር የአሮጌው ጎማ ቀለበት ነው። አንዳንዴ ፊልትሮው ሲፈታ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አዲሱ በላዩ ላይ ከታሰረ ሁለት ቀለበት ተደራርቦ ግፊት አይችልም፤ ሞተሩ በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ አዲሱ ዘይት መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አሮጌውን ገልብጦ ቀለበቱ አብሮ መምጣቱን ማየት ነው። የአዲሱን ቀለበት ንጹሕ ዘይት ቀባ ማድረግ፣ በእጅ ማሰር፣ ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል መጨመር። በእጅ እንጂ በመፍቻ አይደለም።

ከፊልትሮው ወደ ታፖው ተመልሼ ሳስር ከላይ ያለው ጉባኤ በአንድ ድምፅ፣ «አጥብቀው!» ይላል። በሌላው ነገር ሁሉ የማይስማማው ሰው እዚህ ላይ ይስማማል። ጥበቃው ሳይቀር ያጨበጭባል። የዘይት ታፖ ግን የሚገባው ለስላሳ ብረት ውስጥ ነው። ጉልበታም ሰው መፍቻውን በእግሩ ሲረግጠው ጥርሱ ይበላል፤ የብሎኗ ዋጋ ቀርቶ የዘይት ቋቱ ዋጋ ይመጣል። ሮንዴላዋ በየጊዜው አዲስ ከሆነች፣ በአጭር መፍቻ፣ በአንድ እጅ፣ ደንበኛ ጥብቅ ማለት ይበቃታል። ከሥር ስለምተኛ እጄን አያዩኝም። «ኧኧኧ!» ብዬ አቃስታለሁ፤ ጉባኤው ይረካል።

ለመጨመሪያ የሃይላንድ አናት ቆርጦ መገልበጥ ነው፤ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። መጀመሪያ ሦስት ሊትር ያህል፣ ከዚያ ጥቂት ጠብቆ የመለኪያውን ዘንግ አውጥቶ ጠርጎ መልሶ ማየት፤ ከዚያ እየቆነጠሩ መጨመር። ከላይኛው ምልክት ማለፍ ልግስና አይደለም። የሞተሩ ዘንግ ሲሽከረከር ትርፉን ዘይት እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ አያለሰልስም።

ሞተሩ ሲነሣ አንድ ማስጠንቀቂያ ለጋቢ ለባሾች አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጉባኤተኛው ጋቢ ለብሶ ይመጣል፤ ሊያይ ጎንበስ ሲል የጋቢው ጫፍ ወደ ሞተሩ ይንጠለጠላል። ቺንጊያ ጋቢ አያከብርም። የራዲያተሩ ማራገቢያ ደግሞ በአብዛኞቹ መኪኖች በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ሞተሩ ጠፍቶም ሙቀት ሲሰማው ብድግ ሊል ይችላል። ስለዚህ ጋቢ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ነጠላም እንዲሁ፣ ክራባትም ካለ እንዲሁ። ቀይዋ የዘይት መብራት በጥቂት ሰከንድ ከጠፋች ጥሩ ነው፤ ካልጠፋች ቁልፉን ወዲያው ማጥፋት፣ ምንም ሳያስቡ። ከጠፋች ደግሞ ጎንበስ ብሎ ከታፖውና ከፊልትሮው ሥር ጠብታ መኖሩን ማየት፤ አጥፍቶ ጥቂት ቆይቶ ዘንጉን እንደገና ማየት፤ ኪሎ ሜትሩን መጻፍ። አለቀ።

ይህን ጊዜ ሰዉ መበተን ነበረበት። አይበተንም። የጉባኤው ድብቅ አጀንዳ የሚወጣው አሁን ነው።

«ያችን የተቃጠለች ዘይት የት ልታደርጋት ነው?» ይላል ጥበቃው። አገር ቤት አጥር ሊያጥር ነው፣ ምስጥ እንዳይበላው እንጨቱን ይቀባበታል። ከጎኑ ያለው ግንበኛ ደግሞ ለዲዛርሞ ይፈልጋታል፤ ጣውላው ላይ ተቀብታ ኮንክሪቱ እንዳይጣበቅ። አንዲት እናት ለውሻቸው እከክ ይፈልጓታል። ከሦስት ሊትር ተኩል ጥቁር ዘይት ውስጥ ድርሻ የማይጠይቅ የለም። አዲሱን ዘይት ስገዛ አንድ ሰው እንኳ ልካፈልህ አላለኝም።

ውሻውን በግልጽ ከልክያለሁ። ውሻ የተቀባውን ይልሳል፤ የሞተር ቆሻሻ በሆዱ ገብቶ እከኩ ሳይድን ውሻው ያልቃል። ለአጥሩም ደስ አይለኝም፤ ዝናብ ሲያጥበው አፈር ውስጥ ነው የሚገባው። ከሁሉ የከፋው ግን ማንም ሳያይ ዲች ውስጥ መድፋት ነው፤ ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ሲደፉ ወዲያና ወዲህ ያያሉ፣ ማለትም ጥፋት መሆኑን ያውቃሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከአንድ መኪና የወጣ አንድ ጋሎን ያገለገለ ዘይት፣ ማለትም 3.8 ሊትር ያህል፣ አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል ይላል። የእኛ ዲች ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ ወንዞቻችን ወደ አቃቂ ይሄዳሉ፣ በአቃቂ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ዲች ውስጥ የደፋ ሰው ዘይቱን ጣልኩት ይላል እንጂ በጾም ቀን መልሶ ሊበላው ነው።

የማጠራቀሚያውም ነገር አለ። ባዶ የምግብ ዘይት ጀሪካን በየቤቱ ስላለ ሁሉ ነገር እሱ ውስጥ ይገባል። ጥቁሩስ በቀለሙ ያስታውቃል። የሚያስፈራኝ የተረፈው አዲሱ የሞተር ዘይት ነው፤ ጥርት ያለ ወርቅማ ነው፣ በዓይን ከሱፍ ዘይት አይለይም። ወጥ ቤት አጠገብ ስም ሳይጻፍበት ከተቀመጠ ሽንኩርት ሊቁላላበት ይችላል። በራሱ ዕቃ ይቀመጥ፣ በትልቁ ይጻፍበት፣ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ይሁን።

እጅንም ልጨምር። መካኒኮች እጃቸውን በቤንዚን ወይም በናፍታ ያሹና በኦሞ ይጨርሳሉ። ያገለገለ የሞተር ዘይት ለዓመታት ቆዳ ላይ እየዋለ የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ይታወቃል፤ ቤንዚኑ ደግሞ በቆዳ ዘልቆ የሚገባ መርዝ ነው። ጓንት ከሁለቱም ይገላግላል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ጓንት ያልለበሰ ሰው በምግብ ዘይት አሽቶ በሳሙና ቢታጠብ ጥሩ ይለቅለታል፤ በዛሬው የምግብ ዘይት ዋጋ ግን ጓንቱ ሳይረክስ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከዳር ቆሞ ፈገግ የሚል አንድ ጎረቤት አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ሸሚዙ ነጭ ነው። «እኔ ዘይት የሚባል ነገር አላውቅም» ይላል፤ የሞተር ዘይት ማለቱ ከሆነ እውነቱን ነው። ኢንጂነሩ ልጅ ግን የኤሌክትሪክ መኪናም የማርሽ ቤት ዘይትና የባትሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ እንዳላት ነገረው። ሰውየው ኮፋኖውን ሊያሳየን ከፈተ፤ ጉባኤው ተያይዞ ወደዚያ ሄደ፤ ከውስጡ ፕላስቲክ ክዳንና ባዶ ቦታ ብቻ ሲገኝ ጋሼ፣ «ሞተሩን ወስደውበታል» አሉ።

ለኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች የማቀርበው ልመና አንድ ነው። በየመኪና ማቆሚያው ጥግ «የተቃጠለ ዘይት» ተብሎ የተጻፈበት አንድ በርሜል አስቀምጡልን። ጋራዦች አጠራቅመው እንደሚሸጡት እኛም እናጠራቅም፤ ሲሞላ የሚገዛ ሰው መርካቶ አይጠፋም፣ ገንዘቡ ለጥበቃ ደመወዝ ይሁን። በርሜሉን ራሴ አመጣለሁ። ክዳን ግን ይኑረው፤ ክረምት ሲገባ ውኃው ከሥር ይሞላል፣ ዘይቱ ደግሞ ከላይ ተንሳፍፎ መጀመሪያ የሚፈሰው እሱ ነው።